የሸንበቆ ፊርማ

ለእታለም፣ ባሕር ማዶ ሆና የእግሬን ቁጥር ለማትረሳው እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ያ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ልብስ የምትተኩሺበት ቤት ወንበር አስገባልሽ ወይስ አለቃሽ ዛሬም «ወንበር ለደንበኛ ነው» ትላለች? ባለቤትሽ ጥርሱን አስነቀለ ወይስ እስካሁን በአንድ ጎን እያኘከ ጀግና ነኝ ይላል? ትንሿስ መራመድ ጀመረች? እኛም ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ እንነሳለን። ከዚያ በላይ ልዋሽሽ አልችልም፤ የዚህን ዓመት ውሸቴን ጨርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደርሶናል። አባዬ እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠራርጎ ራት ላይ አነበበልን። አባባን በቃዎት በሏቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ የሰው ነፍስ በደከመ ዓይን አይጠበቅም ያልሽው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አያታችን ግን ሰምተዋል፤ ጆሯቸውን እስካሁን ማንም አልከሰሰውም። ማንኪያቸውን አስቀምጠው እውነቷን ነው አሉ። እኔ ያን ጊዜ ጨው እያቀበልኩ ነበር። ይህ ደብዳቤ የዚያ መልስ ነው። አባዬ በስልክ የነገረሽ ሙሉው አይደለም፤ ሙሉው ያለው እኔ ዘንድ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባባ የሚጠብቁትን የተራራውን በር አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማንም አልነካካውም። ያቺው ተራራው ግርጌ ያለች አንድ ክፍል፣ ያው አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ ያው ትልቅ መዝገብ። ወደ ተራራው የሚወጣ ሁሉ በግራ በኩል «ወጣ» ከሚለው ሥር ይፈርማል፤ ሲመለስ በቀኝ በኩል «ወረደ» ከሚለው ሥር። አብረው የወጡ አብረው ይፈርማሉ፤ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹም በሩን አያልፉም። እንወርዳለን ባሉበት ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቀኝ በኩል አንዲት ባዶ ቦታ ካለች አባባ ስልኩን አንስተው የነፍስ አድን ሰዎቹን ይጠራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው። እኔ ደግሞ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ በዚህ ስስቅባቸው ኖሬያለሁ። ፍየል ብታልፍ በሰኮናዋ ያስፈርሟታል እያልኩ ሰፈሩን አስቄበታለሁ። አንቺም ስቀሻል።

ፊርማ ማስመሰል መቼ እንደጀመርኩ ታውቂያለሽ። በሒሳብ የወደቅሽ ጊዜ ካርድሽ ላይ የአባዬን ፊርማ የጣልኩልሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አባዬ በኋላ ካርዱን አይቶ መቼ ነው የፈረምኩት ብሎ ተጨነቀ እንጂ የእኔ አይደለም አላለም። ከዚያ ወዲያ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ደንበኛዬ ሆነ። ለአንቺ በምጽፈውም ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንዴ በእማዬ፣ አንዴ በአክስታችን ፊርማ እየዘጋሁ የማን እንደሆነ ገምቺ ስልሽ ኖሬያለሁ። ይህን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም። እጄ እንዴት እንደለመደ እንድታውቂ ነው።

የትምህርት ዕረፍቱ እንደገባ ከጓደኞቼ ጋር ዘንድሮ የተራራው ጫፍ ላይ እንውጣ ተባባልን። አራት ነበርን፤ እኔ፣ ድብልብል፣ ምሁሩና ሸንበቆ። ሸንበቆን ትረሺዋለሽ ብዬ አላስብም፤ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ፣ በራችን መቃን ላይ ያለውን የቁመትሽን ምልክት በአሥራ ሦስት ዓመቱ አልፎ «እታለም ሆይ፣ ደኅና ሁኚ» ብሎ የጻፈብሽ። ዕቃ ስናዘጋጅ አክስታችን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እዚያ ላይ ምን ጥላችሁ ነው የምትፈልጉት አለች። አባዬ በሕይወቱ የወጣው ትልቁ ከፍታ የልብስ ስፌት መኪናው ወንበር ነው፤ ግን ስለ ሻንጣ አሸካከም አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረን። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን አለ። አባባ ደግሞ ከባዱ ወደ ጀርባችሁ ይጠጋ አሉ። ድብልብል ሁለቱንም ላለማስቀየም ከባዱን በልቶ ጨረሰው።

የላክሽልኝ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ተረከዜን ላጠው፤ በሁለተኛው ቀን ታረቅን። የመጀመሪያውን ቀን በዛፎቹ መካከል፣ ከዚያም በድንጋዩ ላይ ስንወጣ ዋልን። የመንገደኞች ማደሪያ ጎጆ ውስጥ አራታችን በአንድ ጣውላ ላይ እንደ ሰርዲን ተደርድረን አደርን፤ የሸንበቆ እግር ከጣውላው ተርፎ በሩን ያዘው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጫፉ ላይ ነበርን። እታለም፣ ደመናን ከላይ ሆኜ አየሁት። የእኛ ከተማ አንድ ቦታ ከሥሩ ነበረች፣ ከነአክስታችን ምላስ። ምሁሩ ከፍታውን በሜትር ሊነግረን አፉን ሲከፍት ሸንበቆ አንዴ እንኳ ዝም በል አለው። አራታችንም ዝም አልን። እኔ ዝም ስል አይተሽ ታውቂያለሽ? እዚያ ዝም ብያለሁ። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለ ትልቅ ድንጋይ ሥር ሻይ ጠጥተን፣ ብስኩት በልተን መውረድ ጀመርን።

ጎጆዋ ጋ ስንደርስ ሸንበቆ ሻንጣውን በርብሮ ፔርሙሱን አጣው። ድንጋዩ ሥር ረስቶታል። የእናቱ ነው፤ ለሌሊት ሥራዋ ሻይ ይዛበት የምትሄደው። ያለ እሱ ቤት አልገባም አለ። ጭጋጉ ከወዲያ ማዶ መነሳት ጀምሮ ነበር። አብረን እንመለስ ያለ ሰው የለም፤ እኔም አላልኩም። እናንተ ውረዱ፣ የእናንተ ሁለት እርምጃ የእኔ አንድ ነው፣ በሩ ላይ እይዛችኋለሁ አለንና እያፏጨ ወደ ላይ ተመለሰ። አባባ ገና መራመድ ሳልጀምር ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ሕግ ተራራ ላይ ሰውን ብቻውን አትተው የሚል ነው።

በሩ ላይ ስንደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው አሥራ አንድ ላይ ነው። ድብልብልና ምሁሩ ቦታ እንያዝ ብለው ሮጡ፤ እኔ ልፈርም ወደ ክፍሏ ገባሁ። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱን እየዘጉ ነበር። ሸንበቆ ካልፈረመ ሁላችንም ታግተን እንቀራለን፤ ርቦኛል፣ ተረከዜ ያቃጥለኛል። ብዕሩን አነሳሁና የራሴን ፈረምኩ፣ የሁለቱን ፈረምኩ፣ ከዚያ የሸንበቆን፣ ያቺን ረጅም ጭራ ያላትን፣ አሳምሬ ፈረምኩ። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኛል። አባባ ዞረው መዝገቡን አዩ። ጣታቸው አራተኛው ፊርማ ላይ አርፋ ቆየች። ረጅሙ ልጅ የታለ አሉኝ።

«አባባ ደግሞ፣ አሁን በፊትዎ አልፎ የወጣው ማን ነው? ያን የሚያህል ሰው ካላዩማ መነጽሩን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና አዎ፣ ያየሁት መሰለኝ፣ እርጅና መጣ አሉ። መዝገቡ ሞልቷል፣ የቀረ ሰው የለም፤ ስለዚህ በሩን ቆልፈው ከእኛው ጋር በአውቶቡሱ ወረዱ። ድብልብል ሸንበቆስ ብሎ ሲጠይቀኝ አባባ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ምን ልበል? ደርሷል፣ የሚያውቀው የጭነት መኪና አግኝቶ ሄደ አልኩት። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ ይወጣል። ከዚያ ሸንበቆ በሩ ተቆልፎ ሲያገኘው የሚሆነውን እያሰብኩ በመስኮት በኩል ብቻዬን ሳቅሁ። በዚያ እግሩ አጥሩን ይራመደዋል፣ ቤቱ በእግሩ ይገባና ነገ ሲሰድበኝ ይውላል አልኩ።

በማግሥቱ አልሰደበኝም። እኩለ ቀን ላይ እናቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች፤ እኛ ጋ ያደረ መስሏት። አባዬ ወደ በሩ ደወለ። አባባ መዝገቡን ገልጠው ወርዷል አሉ፤ ፈርሟል፣ በዓይኔም አይቼዋለሁ። ድብልብልና ምሁሩም ሲጠየቁ እኔ የነገርኳቸውን አወሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዋሽቶ የማያውቅ መዝገብ ማን ይጠረጥራል? ልጁ ከተማ ውስጥ ነው ተባለ። እስኪመሽ ድረስ መናኸሪያውን፣ ኳስ ሜዳውን፣ ፖሊስ ጣቢያውን ስንዞር ዋልን። እኔም አብሬ ዞርኩ እታለም። ከእናቱ ጎን ሆኜ ስሙን ተጣራሁ። አሁን ይመጣል፣ ይመጣና ሁሉም ነገር ይረሳል እያልኩ። ተራራው ያን ቀን ሙሉ ጭጋግ ለብሶ ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

በበነጋው ጠዋት ከላይ የሚወርዱ ሁለት ተጓዦች አገኙት። ከጎጆዋ ብዙም ሳይርቅ ተንሸራትቶ እግሩ ተሰብሯል። ፔርሙሱን ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አቅፎታል፤ አንድም ቦታ አልተነካም። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ብስኩት በወረቀቱ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ለነገ ያስቀመጠው። የነፍስ አድኑ ሰው ለአባዬ ሲነግረው ሰማሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት አልፎታል፣ ያላለፈው ሁለተኛውን ነው አለ። በዚያው ምሽት ቢነገረን ሦስት ሰዓት አይፈጅብንም ነበር አለ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከአባዬ ሰምተሻል፤ የተራራው ጽሕፈት ቤት ቁልፉንና መዝገቡን ከአባባ ተረከበ፣ ሰኞ ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡም ነገራቸው። ያልሰማሽው የቤቱን ውሎ ነው። አባባ ያላየሁትን አየሁ ብዬ የሰው ልጅ አስበላሁ ብለው አምነዋል። በየጠዋቱ በአባዬ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጠው በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባሉ፤ አስገብተው ያወጡታል፣ አውጥተው ያስገቡታል። ሲገባላቸውም አያምኑም። መንገድ ሲሻገሩ ትከሻ ይይዛሉ። የእኔን ትከሻ። የሸንበቆ እናት እንኳ አልተቆጣቻቸውም፤ ዓይን ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ አለቻቸው። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ፔርሙሱን ዛሬም ሥራ ይዛው ትሄዳለች። አክስታችን ተረቷን ትታለች። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ብላ ብትተርትብኝ እንዴት በወደድኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አባባ አንድ ወረቀት ይዘው ክፍሌ መጡ። ሰኞ የሚሰጡትን ቃል ለአባዬ ነግረው ያስጻፉት ነው። ዓይኔ ደክሞ ሳለ ሥራዬን በጊዜ አለመልቀቄ ጥፋቴ ነው ይላል። አንብብልኝና የምፈርምበትን ቦታ በጣትህ አሳየኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ጣቴን ቦታው ላይ አደረግሁ፤ ከዚያ ጣቴ አልነሳ አለኝ። ነገርኳቸው። ከፔርሙሱ ጀምሬ እስከ አውቶቡሱ መስኮት፣ አንዲትም ሳላስቀር።

ወረቀቱን ገልብጠው ብዕሩን ሰጡኝና እስቲ ፈርመው አሉ። የሸንበቆን ፊርማ ፈረምኩ። አሁንም አምሮ ወጣ፤ እጄን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ከሩቅ ያዙት።

«የልጁ ጭራ ወደ ታች ነው የሚታጠፈው፤ ያንተ ወደ ላይ። ያን ቀንም አይቼው ነበር» አሉ። ወረቀቱን ወደ እኔ መልሰው «ዓይኔስ ደኅና ነበር። ያመንኩት አንተን ነው» አሉኝ።

አልመቱኝም፣ አልረገሙኝም። ሰኞ አብረኸኝ ትቀርባለህ፣ ከዚያ በፊት ግን እናቱ ከማንም ሳይሆን ካንተ ትስማ ብለው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። ግራና ቀኝ አይተው፣ ማንንም ሳይዙ፣ መንገዱን ብቻቸውን ተሻገሩ።

ለእማዬና ለአባዬ ማታውኑ ነገርኳቸው። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባዬ የስፌት መኪናውን ያለ ጨርቅ ሲረግጠው አመሸ። አሁን ነግቷል። የሸንበቆ እናት ከሌሊት ሥራዋ የምትገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የፖስታ ሣጥኑ ደግሞ ቤቷ ሳይደረስ ማዕዘኑ ላይ አለ፤ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ እከተዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብመለስ እንኳ አንቺ ታውቂያለሽ። እግሬን ስለማላምነው ነው። ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ሰኞም ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ለአባባ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፣ ስለ ዓይናቸው ያልሽውንም አንሺላቸው። ለእኔ የምትጽፊው ይቆይ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ጥርሱን ያስነቅል፣ የተደበቀ ሕመም እያደር ይብሳል። የትንሿን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ፤ ስትራመድ እጇን አትልቀቂ። ወንበር ለከለከለችሽ አለቃሽም ሰላምታ አለኝ። እማዬ ስሜሻለሁ ብላለች፣ ፎቶ ላኪ ብላለች። አባዬ ሰላም ብሎሻል። አክስታችን በርቺልኝ ብላለች። አባባ አሁን ገብተው ለእታለም ጻፍክላት ወይ አሉኝ። አዎ፣ ሁሉንም ጽፌላታለሁ አልኳቸው። አምንሃለሁ አላሉኝም። አምጣው አሉና እስከዚህ ድረስ ያለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ ዓይናቸው አንብበው፣ ሁለት ፊደል አርመው መለሱልኝ።

ከታች ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ አትገምቺ፤ የራሴው ነው።

ወንድምሽ፣ ቆቁ

ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በትምህርት ዕረፍቱ ሰባተኛ ሳምንት