ቀን ያልተጻፈባቸው ሰሌዳዎችህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ፌርፋክስ ከተማ፣ ከሱቆች መደዳ ፊት ለፊት፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ካቆምኩ ግማሽ ሰዓት አለፈኝ፤ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ሁለት ጊዜ አስነስቻለሁ።

ተሸነፍኩ። ለሰፈራችን ምክር ቤት ተወዳድሬ ነበር፤ ውጤቱ ከታወቀ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በጋዜጣ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስኖር የስንቱን ሰው ሽንፈት በአንድ መስመር ጽፌ አልፌያለሁ። የራሴ ግን ቁጭ ብድግ ያሰኘኛል።

ከካናዳ ስትመጣ ታርፍበት የነበረው ክፍል የዘመቻ ቢሮዬ ሆኖ ከረመ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት በየደጁ ይተከል የነበረውን ያንተን የምርጫ ሰሌዳ ብቻ ነው። ስምህ አለበት፣ ቀን የለበትም። ለምን ቀን እንዳላጻፍክበት ስጠይቅህ፣ «ዘንድሮ ባይሳካ ለሚቀጥለው ይሆነኛላ» ብለህ ሳቅክ። እኔ ተናደድኩ፤ ገና ሳትወዳደር ሽንፈትህን ያዘዝክ መስሎኝ።

እዚያ ካናዳ ለምክር ቤት ተወዳድረህ ሦስት ጊዜ ተሸነፍክ። በሦስቱም ማግስት ቦት ጫማህን አጥልቀህ፣ በረዶ የያዛቸውን ሰሌዳዎች ራስህ እየነቀልክ፣ በየበሩ እያንኳኳህ አመሰገንክ። ያልመረጡህንም ጭምር። አንዴ አብሬህ ወጥቼ፣ አንድ ሰውዬ «አሁንም አንተ ነህ?» ብሎ ሲያሾፍብህ በሀፍረት መኪና ውስጥ ተደበቅኩ። አንተ ግን «አሁንም እኔ ነኝ። ሚስትህ ተሻላት?» አልከው። ለአራተኛ ጊዜ ስትወዳደር ሰሌዳህን ደጃፉ ላይ የተከለው እሱ ነበር፤ አሸነፍክ። ከአንድ የሥራ ዘመን በኋላ እንደገና ስትሸነፍም ቦትህን አድርገህ ወጣህ።

ዛሬም መኪና ውስጥ የተደበቅኩት እኔው ነኝ። ፖስተሮቼ በአሥራ አንድ ሱቆች መስታወት ላይ ተለጥፈዋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዚህ መንገድ ድራይቭ እያደረግኩ አለፍኩ እንጂ አንዱም ጋ አልወረድኩም። የባለሱቆቹን ፊት ማየት ፈራሁ። ዛሬም ካልወረድኩ ሁለተኛ እንደማልወዳደር አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ጽሑፌን አቁሜ ወረድኩ፤ የቀረውን ተመልሼ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ቅመም ሻጩ ጋሼ ከድር ጋ ገባሁ። ፖስተሩን ልነቅል እጄን ስዘረጋ ጮኸብኝ። «ወላሂ አልዋሽሽም፣ ድምፄን ለሌላው ነው የሰጠሁት። ፖስተሩን ግን አትንኪብኝ፤ በርበሬዬን ከፀሐይ ይከልልልኛል!»

ሳላስበው ሳቅኩ። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኩት፣ አመሰገንኩትም። ስወጣ ተከተለኝ። «ሶ፣ ለሚቀጥለው ቀደም ብለሽ ነይ። በመጨረሻው ሳምንት መጥተሽ ምረጡኝ ይባላል እንዴ?»

እኔ የጋዜጠኛ ነገር ሆኖብኝ ፖስተሩ ላይ የምርጫውን ቀን በትልቁ አጽፌበት ነበር። ጋሼ ከድርን ዋጋ የሚጽፍበትን ነጭ ወረቀት ለምኜ ቀኑ ላይ ለጠፍኩበት።

አሥር ሱቅ ቀርቶኛል፣ አባዬ። በእያንዳንዱ በር ስገባ ስለ ምርጫው ከማንሳቴ በፊት የቤታቸውን ደህንነት እጠይቃለሁ። የማስታውስህ እንደዚያ ነው።

ልጅህ ሰናይት