የመጀመሪያውን ባዶ ብልቃጥ ከየት ላምጣ?

ለተከበሩ የሆስፒታሉ መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ መጋዘንዎ በር የጠበቀ፣ ጨጓራዎም ሰላም የሰፈነበት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ ወንበር ከትናንት ጀምሮ ሳሞቅ የቆየሁት እኔ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የምለጥፈው በታላቅ ትሕትና ነው።

የእህቴ ልጅ በሙያው ልብስ ሰፊ ነው። ለወገቡ ሕመም በባዶ ሆዱ ሲውጠው የከረመው ማስታገሻ ጨጓራውን አቁስሎት ትናንት ደም እያስታወከ እዚህ ደረሰ። ሐኪሟ፣ እጇ ይባረክና፣ ኢንዶስኮፒ በሚሉት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፉ ገብታ የሚደማውን የደም ሥር በትንሽ ብረት ቆንጥጣ ዘጋችው። ቁስሉ ላይ የረጋውን ደም የጨጓራው አሲድ መልሶ እንዳያሟሟው፣ አሲዱን የሚገታ መድኃኒት ለሦስት ቀን በደም ሥሩ ሳይቋረጥ እንዲገባም አዘዘች። እነሆ ተቋርጧል። ስለዚህም፦

፩ኛ. ስርቆትን ለመከላከል ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ሙሉ ብልቃጥ የሚሰጠው ባዶውን ላመጣ ብቻ መሆኑን ስሰማ በጥበብዎ ተደንቄአለሁ። የእኛ የመጀመሪያ ብልቃጥ ግን እዚያው ኢንዶስኮፒ ክፍል ተከፍቶ ለልጁ ከተሰጠ በኋላ ባዶው ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል።

፪ኛ. ከቆሻሻው መካከል ፈልጌ ያመጣሁት ብልቃጥ የሌላ መድኃኒት መሆኑን በመነጽርዎ አጣርተው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሟ ራሷ መጥታ ብትለምንዎም መመሪያ ለሐኪምም ለአጎትም እኩል መሆኑን አስተምረው ሸኝተዋታል።

፫ኛ. ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የእኛ ላም ትሻላለች፤ ወተቷ ከጀርባዎ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ በመስኮቱ ይታየናል።

ልጁ ጀምሮ የተወውን ሱሪዬን ሰፍቶ ሳይጨርስ የትም እንደማይሄድ ጠዋት ሲቀልድብኝ ነበር። ከቀትር ወዲህ መቀለዱን ትቷል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ልቡም በፍጥነት ትመታለች። እህቴ እጁን ይዛ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር መድኃኒት ይዤ የገባሁ እየመሰላት ቀና ትላለች። ሐኪሟም ቁስሉ ዳግመኛ ከደማ ከመጀመሪያው እንደሚከፋ ነግራናለች።

እባክዎ። ይህችን አንዲት ቃል የጻፍኳት ያለ አሽሙር ነው።

የመመሪያዎ አድናቂ፣ የወንበርዎ ጠባቂ፣
አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪ ያለው አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መመሪያዎ ባዶ ነገር ካላየ የማይረካ ከሆነ ጥቂት ይታገሡን፤ በዚህ አያያዝ ነገ ጠዋት ባዶ አልጋ እናስረክብዎታለን። በምትኩ የሚሰጡን ሙሉ ነገር ምን እንደሆነ ግን መመሪያው ላይ አላገኘሁም።