ወደ ሃስት በዝናብ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ያቺ ሌባ ድመትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከዝናቡና ከባሌ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትታዘቢኝ፤ አውራ ጣቴን ያመኛል።

ዛሬ ከሆኪቲካ ከተማ ወደ ሃስት መንደር ወረድን። መኝታና ምድጃ የተሸከሙ ስምንት መኪኖች ተከታትለን፣ ሁላችንም ጡረተኛ፣ ሁላችንም አዋቂ ነን ባይ። ዝናቡ ጉድ ነው። ጠዋት የጉዟችንን አለቃ ሄሚን «እባክህ ዛሬ እዚሁ እንዋል» ብዬ ስለምነው፣ «በዚህ የባሕር ዳርቻ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው እዚሁ ይቀበራል» ብሎ ሳቀብኝ። ባሌም አብሮ ሳቀ።

ለምን እንደፈራሁ አታውቂም፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል ባሌ አስምሎኝ ነበር። አሁን ሁሉም ስላወቀው ለአንቺ ብነግርሽ መሐላዬን አላፈርስም። በመጋቢት የዓይን ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳትጨብጥ» ብሎታል። እሱ ግን «ጢም ያላበቀለ ልጅ እኔን ሊመክር!» ብሎ መነጽሩን ወለወለና ለጉዞው ተመዘገበ። «ልንዳልህ» ስለው «አንቺ ካርታሽን ያዢ» ይለኛል። የአባታችንን የበግ መጫኛ መኪና ስነዳ ያደግሁትን ሴትዮ!

በየመኪናው የእጅ ሬዲዮ አለ፤ የኛን የምይዘው እኔ ነኝ። የጎኗ ቁልፍ ደረቅ ናት፤ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ካልያዟት አትሠራም። ከያዟት ግን የተናገሩት ሁሉ በሌሎቹ ሰባት መኪኖች ውስጥ ይሰማል።

ፍራንዝ ጆሴፍ የሚባለውን መንደር እንዳለፍን አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ደረስን። ቅድሚያው የወዲያኛው ነው፤ የወተት ቦቴ ድልድዩን አጋምሶ እየመጣ ነበር። ባሌ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ፍሬኑን ሲረግጥ ሳህኑ ሁሉ ወርዶ ተከሰከሰ፤ ቦቴውም ጡሩምባውን እያንባረቀ ለጥቂት ሳተን።

«ምን ያስጮህሻል? አይቼዋለሁ!» አለኝ።

«እስቲ ቀለሙ ምን ነበር?» አልኩት።

ማርሹን አስገባ። እንደገና መንዳት ሲጀምር ደሜ ፈላ። ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሐኪሙን፣ ጠዋት የጨረፈውን አጥር፣ ሻይ ሲቀዳ ከኩባያው ውጪ እንደሚያፈስ። «እኔን ግደለኝ ግድ የለም፤ ከፊታችን ያሉት ምን በደሉህ?» አልኩት። እሱም የልቡን አወጣ። «መሪውን ከለቀቅሁ ምን ቀረኝ? እንደ ሻንጣ ልጫን?» አለ። 

እሱ ተናግሮ እንዳበቃ ከሬዲዮዋ የሄሚ ድምፅ መጣ፤ «ሙሬይ፣ ወንድሜ፣ ጥግ ይዘህ ቁም። መጣሁ።» ሁሉም ሰምተዋል። የባሌ ፊት አመድ መሰለ።

«ሬዲዮዋ ጭኔ ሥር ገብታ ቁልፏ ተጭና ነው» አልኩት።

ሄሚ በዝናብ በስብሶ መጣና «ና ከኔ ጋር፤ ሚስቴ ስለምታንኮራፋ የሚያጫውተኝ አጥቻለሁ» አለው። ባሌ የመኪናውን ቁልፍ እንደተሰካ ትቶ ወረደ። እስከ ሃስት የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እያለቀስኩ፣ የተሰበረው ሳህን ከኋላዬ እየተንሿሿ።

አሁን የምናድርበት ቦታ ደርሰናል፤ ዝናቡም አብሮን ደርሷል። የጉዞ ጓደኞቻችን የዓሣ ጥብስ ይዘው መጥተው ስለ ዓሣው ብቻ አወሩ። ይሄም አናደደኝ፤ አንዱ እንኳ ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ባሌ ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም ነበር። ቅድም ይህን ስጽፍ ጣቴን ሳሽ አየኝና «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ሳህኑን ሳነሳ ነው» አልኩት። ቅባቱን ፈልጎ አመጣ፤ እጄን በዳበሳ ያዘና አውራ ጣቴን ቀስ አድርጎ ያሽልኝ ጀመር። ከዚያ ቀና ሳይል «ጭንሽንስ አያምሽም?» አለኝ።

«የሚያመኝ ጣቴ ብቻ ነው» አልኩት። እሱም ማሸቱን አልተወም።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። ለእሱም ጸልዪለት፤ ነገም ረጅም መንገድ አለብን፣ የምነዳው እኔ ነኝ።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ