ሰርካለም አቅፋ አሸነፈች

የኔ ደሳለኝ፣

ከተለየኸን ይኸው ሦስተኛው ክረምት አለፈ። እኛ ደህና ነን። ግቢያችን ውስጥ ሰቅለህ ልጃችንን ቦክስ ታስተምርበት የነበረው ጆንያ ተቀዶ ነበር፤ አንድ የሊማሊሞ የጭነት መኪና ሹፌር በሰጠኝ አሮጌ ሸራ ደህና አድርጌ ሰፋሁት። ሰርካለም ጠዋት ጠዋት ትደበድበዋለች። ደባርቅ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እሷን ላብ ያጠምቃታል።

የምሥራች አለኝ።

አንተና ልጅህ ትጨቃጨቁበት የነበረውን ነገር ታስታውሳለህ? አንተ «ተመተሽ ጉልበት ሲከዳሽ ባላጋራሽን እቀፊያት፤ አቅፈሽ ተንፍሺ» ትላለህ። እሷ ማቀፍ የፈሪ ነው ብላ ታኮርፋለች። ያኔ እኔን ከማድቤት ትጠራኛለህ። እጆቼን ብብትህ ሥር ቆልፈህ፣ ጭንቅላትህን ትከሻዬ ላይ ጥለህ፣ ክብደትህን ሁሉ ስትጭንብኝ፣ ጎረቤት በአጥር አየን ብዬ በኀፍረት እሞታለሁ። ሰርካለም «አባባ፣ ይሄ ቦክስ ነው ሠርግ?» እያለች በሳቅ ትንከባለላለች። አንተ እስክታርፍ ድረስ አንድ ቀንም አልሞከረችውም።

ጥቅምት ላይ የዞኑ የቦክስ ውድድር ፍጻሜ እዚሁ ደባርቅ ተደረገ። የገጠመቻት የዳባት ልጅ ረጅም ናት፤ ቡጢዋም ድንጋይ ነው። በሁለተኛው ዙር የልጃችንን ጆሮ ግንድ አገኘችው። ሰርካለም ተንገዳገደች፤ ዳኛው ቆጠረላት። ጨዋታው ሲቀጥል ያቺ ልትጨርሳት ተንደረደረች። አንተ እያለህ በነጠላዬ ዓይኔን እሸፍን የነበርኩት ሴትዮ ብድግ ብዬ ጮኽኩ፦ «ሰርኬ፣ እቀፊያት! ተንፍሺ!»

ሰማችኝ። ጠጋ ብላ የልጅቷን እጆች ብብቷ ሥር ቆለፈች፤ ትከሻዋ ላይ ተኛችባት። ሰዉ «ትልቀቃት!» እያለ ያፏጫል። ዳኛው አለያያቸው፤ መልሳ አቀፈቻት። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ይሁን አልኩ በልቤ። ደወሉ ሲደወል ዓይኗ ጠርቶ፣ እግሯ ጸንቶ ነበር።

ሦስተኛው ዙር የሷ ሆነ። የዳባቷ ልጅ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክማ ዝላለች። ዳኛው ባለያያቸው ቁጥር ሰርካለም ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ ያቺ ስትከተላት በግራ አቁማ በቀኝ ትመታታለች፣ ልክ አንተ እንዳሳየሃት። ዳኛው የሰርካለምን እጅ ሲያነሣ እልልታዬን ማን ያቁመው! ከሪንጉ ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማ፣ አባባ እውነቱን ነበር» አለችኝ። ይህን ከአፏ ብትሰማ ምን ትሆን ነበር!

በዚህም አላበቃም። የዳባቷ ልጅ ጓንቷን ሳታወልቅ መጥታ «እንዴት አድርገሽ ነው የያዝሽኝ? እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። አሁን እሑድ እሑድ በሚኒባስ እየመጣች ከኛ ግቢ ትለማመዳለች፤ ጓደኞቿንም ታስከትላለች። አሠልጣኛቸው ሰርካለም ናት። ከማን እንደተማረች ሲጠይቋት ደረቷን ነፍታ «ከአባቴ ከደሳለኝ» ትላለች።

እኔም ቃሌን እሰጥሃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ እዚህ ግቢ ጓንት የምታጠልቅ ልጅ ሁሉ ማን እንደነበርክ ከእኔ አፍ ትሰማለች። አንተ ያላየሃቸው ልጆች ስምህን ይዘው ሪንግ ይወጣሉ፤ ያሸንፋሉም።

ያንተው ብርነሽ