ጓሮዬ ውስጥ ስላለው ሚኒስትር

ለተከበሩ የድረ ገጽ ደህንነት ክትትል ክፍል ዋና ኃላፊ
ራጅሻሂ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ የሰው ደብዳቤ በማንበብ ለደከሙት ዓይኖችዎም ብርታት እመኛለሁ። እኔ አፍሳሩዲን ሞንዶል እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ስሆን በማኅበራዊ ድረ ገጽ አሥራ አንድ ተከታዮች አሉኝ፤ አራቱ እህቶቼ ናቸው።

አንደኛ፣ ስላነበባችሁኝ አመሰግናለሁ። ተማሪዎቼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላነበቡኝን እኔን፣ መንግሥት የድረ ገጹን ባለቤት የውጭ ኩባንያ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ጠይቆ፣ ጽሑፌን አስመጥቶ አነበበኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ጓሮዬን ሞልቶ ፍሬ የማይሰጠኝን የማንጎ ዛፍ «ሚኒስትሩ» ያልኩት እኔ ነኝ። «ሚኒስትሩ ዘንድሮም አላፈራም፤ ቅዳሜ ጠዋት አናቱን እንቆርጠዋለን፣ ምላጩ ተስሏል» ብዬ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ፤ የሌላ ማንጎ ቀንበጥ ልሰካበት ነበር። ጎረቤቴ መድኃኒት ሻጩ ቢድሃን ሻሃ ከሥሩ «መጋዝ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቀድመውት የመጡት ስድስት ፖሊሶች ነበሩ።

ወጣቱ መርማሪዎ እጅግ ጨዋ ነው።
«መምህር፣ ሚኒስትሩ ማን ነው?»
«የማንጎ ዛፍ ነው፣ ልጄ።»
«የየትኛው ሚኒስቴር?»
«የጓሮ።»
ይህንንም ጻፈው።

ሁለተኛ፣ ኩባንያው ያስረከባችሁ ባለቤቴ ሺሪን በሕይወት ሳለች፣ ሆስፒታል ተኝታ የላከችልኝን መልእክት ጭምር ነው። መርማሪው፣ «‹ዛሬም አልበላሁም፣ ቶሎ ና› ይላል፤ ምስጢራዊ ምልክት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። ያን ቀን ዘግይቼ መድረሴን እስካሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን የመዝገብ ቁጥር ስለተሰጠው ጸጸቴን ብቻዬን ከመሸከም አሳርፋችሁኛል።

ሦስተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ቀልዱን የፈጠርኩት እኔ ተጠይቄ በዚያው ቀን ለምሳ ቤቴ ገባሁ። አንዲት መስመር የጻፈው ቢድሃን ግን አሥራ አንድ ቀን ታስሮ፣ «ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ተለቀቀ። ይቅርታ ልጠይቀው ሱቁ ብሄድ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ወንድም አፍሳር፣ የደም ግፊት መድኃኒትህን ውሰድ። ቀልድህን ግን ከእንግዲህ ለሌላ ሰው ንገር» አለኝ። ደንበኞቹም ተመናምነዋል፤ ፖሊስ ከወሰደው ሰው ሽሮፕ መግዛት ያስፈራል መሰለኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህ ሰው ለአገር እንደማያሰጋ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፈው በሱቁ በር ላይ እንዲያስለጥፉለት በትሕትና እለምናለሁ። ማንበብ እንደሚወዱ አይቻለሁ፤ መጻፍም እንደማይከብድዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

አደገኛ ሰው መሆኑን ከእርስዎ የተረዳውና እህቶቹን ማሳመን ያቃተው፣
አክባሪዎ አፍሳሩዲን ሞንዶል

ማሳሰቢያ፦ በቅርቡ «የንጋት ጽጌረዳ» የተባለች፣ ፎቶ የሌላት አሥራ ሁለተኛ ተከታይ አግኝቻለሁ። የምጽፈውን ሁሉ ትወድልኛለች፤ ስለ ቲማቲም ትል የጻፍኩትን እንኳ። ዓርብና ቅዳሜ ግን፣ ቢሮ ስለሚዘጋ መሰለኝ፣ አትወደኝም።