አምባዛውና የሸክላው ኮራል

ሰኞ

የዓሣ ገንዳችን ነጭ ዓሦች አልቀዋል። ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ አየር መንፊያው ቆመ፤ እሑድ ማንም አላየልኝም። ዛሬ ጠዋት የክፍሉን በር ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ተማሪዎቹ ሳይገቡ ከግቢው ጥግ ቀበርኳቸው። ለዓሣ አለቀስኩ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን አልቅሻለሁ።

ገንዳው ባሕር ዳር ውስጥ ከተዘጋ ምግብ ቤት የተረፈ ነው። የሳይንስ ክፍላችን ሲገባ፣ ወረታ ባሕር መጣላት ብለን ነበር የጨፈርነው። ዳይሬክተራችን አቶ ይርጋ ዛሬ ባዶውን ውሃ አይተው፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ የወላጆች ቀን ነው። እስከዚያ ነፍስ ያለው ነገር ካልገባበት መጽሐፍ እንደረድርበታለን» አሉኝ። መጽሐፍ! በዓሣ ገንዳ!

ስድስተኛ ክፍሎች ደግሞ ኮራል ካልሆነ ብለው ድርቅ ብለዋል። የቀይ ባሕርን ኮራል በስልኬ ያሳየኋቸው እኔው ነኝ፤ አበባ መስሎ ድንጋይ ላይ የሚኖር እንስሳ። የጨው ውሃ ይፈልጋል፣ ልዩ መብራት ይፈልጋል፣ ጠንካራ የሚባለው ዓይነት እንኳ የእኛን መብራት መጥፋት አይችለውም አልኳቸው። ደሳለኝ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ጨው ከሆነማ እኔ ከቤት አመጣለሁ» አለ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ ምርጫ አደረግን። ሰሌዳው ላይ የጻፍነው፦

መብራት ቢጠፋ የማይሞት።
ጭቃ ውሃ የለመደ።
ቅዳሜና እሑድ ቢጾም የማይከፋው።
ቆንጆ። (ይህን ያስገቡት እነሱ ናቸው፤ ተከራክሬ ተሸነፍኩ።)

አምባዛ በሦስቱ አንደኛ ወጣ፣ በአራተኛው ወደቀ። ክረምት ሜዳው ሐይቅ ሲሆን ይገባል፤ ውሃው ሲሸሽ ከሩዝ ማሳው ኩሬ ይቀራል፤ አየር ሲያጥረው ብቅ ብሎ ከላይ ይስባል። ጣት የምታህል አንዲት አምባዛና ከእሷ ተለቅ ተለቅ ያሉ ቆሮሶ የሚባሉ ጥቂት ዓሦች ይበቁናል። ካደገች እንዳትበላቸው ወደ ርብ ወንዝ እንመልሳታለን።

ኮራሉስ? ትርንጎ ከኋላ ወንበር፣ «እናቴ ከሸክላ ትሠራዋለች» አለች።

እናቷ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ላቀች ናቸው። ድስታቸው የማይገባበት ቤት የለም፤ ከማዕዳቸው ግን ሰው አይቀርብም። «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይጎዳል» ይባላል፣ እስከ ዛሬም ይባላል። ልጃቸው ትምህርት ከጀመረች ወዲህ የወላጆች ቀን ላይ አንድም ጊዜ አላየኋቸውም። «በጣም ጥሩ፣ ይሥሩልን» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ዓርብ መጥተው የእጃቸውን ሥራ እንዲያዩ እፈልጋለሁ። ከዓሣውም ከገንዳውም በላይ የምፈልገው ይህን ነው።

ሰኞ

ደስ ብሎኛል! ሸክላው ደርቆ፣ ተተኩሶ ቅዳሜ ቤቴ ደርሶ ነበር። ቅርንጫፍ ያለው አለ፤ እንደ ጣት የቆመ አለ፤ አንዱ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ዛሬ አስገባነው። ልጆቹ ከማሳ ኩሬ በባልዲ ካመጧቸው ቆሮሶዎች ጋር አምባዛዋን ስንለቃት ቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ገባችና ጢሟን ብቻ አወጣች። ጭብጨባው አቶ ይርጋን ከቢሮ አስወጣቸው። ትርንጎ ዛሬ ከፊት ተቀመጠች።

ቤት ስገባ ቅዳሜ ከአንበሳሜ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ስለ አምባዛዋ ነገርኳት፤ ፈገግ ብላ ሰማችኝ።

ማክሰኞ

መጥፎ ቀን። ቆሮሶዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያጣጥራሉ፤ ሁለቱ ሞተዋል። ደህና ያለችው አምባዛዋ ብቻ ናት። የውሃው ፊት ያብለጨልጫል፣ ሽታውም የወጥ ቤት ሽታ ነው። ምክንያቱ አልገባኝም።

ለልጆቹ ግን ወዲያው ገባቸው። «የእናቷ ዓይን ነው» አለ ደሳለኝ፤ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም ሰማው። ትርንጎ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ብጠራትም አልዞረችም። ክፍሉ ላይ ጮህኩ። ጩኸት ግን ሹክሹክታን አያወጣም። የተረፉትን ዓሦች ወደ ባልዲ አዛወርኩ።

ረቡዕ

ትናንት ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳወራላት፣ «ያንን ሸክላማ እኔ አሟሽቼልሻለሁ እኮ!» አትለኝም! እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ አዲስ ሸክላ አየች፤ እንደ ማንኛውም አዲስ ድስት በጎመን ዘር አሽታ፣ እሳት ላይ አሟሽታ፣ ጠራርጋ ቦታው መለሰችው።

«ታዲያ ያልተሟሸ ሸክላ ውሃ ይይዛል? ያፈሳል ብዬ ነዋ።»

«እማዬ፣ እሱ ነው ውሃው ውስጥ የሚገባው! ውሃው እሱ ውስጥ አይደለም!»

ዘይቱ ተንሳፍፎ ውሃውን አየር ከልክሎታል። አምባዛዋ ከላይ ስለምትስብ ተረፈች። ሳቅኩ፣ ተናደድኩ፣ እንደገና ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ሹክሹክታው ነገርኳት። እናቴ ራሷ ከሸክላ ሠሪ ድስት ገዝታ ከአጥራቸው የማታልፍ ሴት ናት፤ አውቃታለሁ። «ልጅቷ አለቀሰች?» አለችኝ። ፊቷን አላየሁም አልኳት። «በይ ነገ ከትምህርት ስትወጪ ውሰጅኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለች።

ዛሬ ሄድን። እትዬ ላቀች ከበሩ አልተንቀሳቀሱም፤ ትርንጎ ከኋላቸው ነበረች። እናቴ ጎንበስ ብላ፣ «እኅቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሸክላዎን በጎመን ዘር አሟሸሁት» አለች።

እትዬ ላቀች፣ «ሆሆይ! ዓሣውን ሊጠብሱት ኖሯል እንዴ!» ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች። «ይግቡ እንጂ፣ ምነው በር ላይ?» አሉ። ጠላ ቀረበ። የእናቴ እጅ ጣሳውን ሲቀበል ፈራ ተባ ሲል አይቻለሁ። ጠጣች ግን። ሁለተኛም አስቀዳች። እኔ ማልቀስ ያማረኝ ያኔ ነው፤ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ላለቅስ ነው?

ይዘነው የሄድነውን ሸክላ እትዬ ላቀች ዘይቱ ተቃጥሎ እንዲወጣ ዛሬውኑ ኩበት እሳት ውስጥ መልሰው ከተቱት።

ሐሙስ

እናቴ ክፍል ገብታ ለልጆቹ ራሷ ነገረቻቸው። «ዓይን አይደለም፣ የኔ ጎመን ዘር ነው» ስትል መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው የሚወደው ደሳለኝ ነበር። በእረፍት ሰዓት ወደ ትርንጎ ሄደ። «ሸክላውን ላግዝሽ?» አለ። «ትሰብረዋለህ» አለችው። ይገባዋል። ኋላ ግን ትንሹን ሰጠችው፣ በሁለት እጁ ይዞ አስገባ።

አዲስ ውሃ ሞላን። እስከምንወጣ ድረስ ቆሮሶዎቹ ከታች ይዋኙ ነበር፣ አንድም ያጣጠረ የለም። ነገ ጠዋት ምን እንደማገኝ እግዜር ይወቅ። መብራትም ዛሬ ሁለቴ ጠፍቷል።

ትርንጎን ከበሩ ላይ አቆምኳትና፣ «እናትሽ ነገ ይመጣሉ?» አልኳት።

«እንጃ፣ አልነገረችኝም» አለች። ጥቂት እንደሄደች ዞር ብላ፣ «ነጠላዋን ግን አጥባ አስጥታለች» አለችኝ።