በፖስታ የተላከ ሽማግሌ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ሰርካዲስ
አሰላ

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የአሰላ ብርድ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ኅዳር በገባ ቁጥር የማስበው ያንቺን ጉልበት ነው። መነጽርሽን አስለወጥሽ ወይስ አሁንም እጀታውን በክር አስረሽ ነው የምታነቢበት? ጋሽ ሀይሌን ሳሉ ተዋቸው? ፍሬ አዲሱን ሥራ ለመደችው? ትንሿ ሄቨንስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ደህና ነኝ። እንደምታውቂው እዚህ ቴክሳስ የሆቴሉን መኪና ይዤ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት አመላልሳለሁ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፤ ዛሬ ግን እሱንም ረስቼዋለሁ። የምሥራች፣ እትዬ! ምሥር ብላ በይኝና ልቀጥል።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። አልጋሽ ሥር ያሉትን ያልተሸጡ የመጽሐፍሽን ካርቶኖች፣ የሁለተኛውን ቅጽ ሰማያዊ ደብተሮችም ጭምር፣ ለባለሱቁ ለበርበሬ መጠቅለያ እንደምትሰጪ፣ ከጥምቀት አንድ ቀን እንደማታሳልፊ ነገርሽኝ። ኧረ እትዬ፣ እዚህ ስንት ሰው አንብቦታል ብልሽ ሳቅሽብኝ። ማን አነበበው፣ አንተ ራስህ መቼ አነበብከው አልሽኝ። ባታምኚኝ አልፈርድብሽም።

እንግዲህ ልናዘዝ። ከስድስት ዓመት በፊት ስመጣ “የወፍጮ ቤቱ ልጆች”ን በራስሽ እጅ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሽልኝ። በዓመቱ ጨረስከው ወይ ብትይኝ፣ አንድ ገጽ ብቻ ገልጬ ያየሁትን ስም ጠራሁና ሸጋው የሚባለው ሰውዬ ሲሞት አለቀስኩ አልኩሽ። ሸጋው እህል የሚጭነው አህያ ነው። ደግሞም አይሞትም። አንቺ ግን አላረምሽኝም፤ “ጎበዝ” ብለሽ ብቻ ዘጋሽው። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት “ጎበዝ” የምትለው መቼ መቼ እንደሆነ ስለማውቅ ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ስለዚህ በእኔ ቃል አትመኚ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ገልብጪና የመጨረሻውን ነጭ ገጽ ተመልከቺ። አሥራ ዘጠኝ ስም ታገኛለሽ። አንዱም የእኔ የእጅ ጽሑፍ አይመስልም፤ ከአሥራ አንደኛው በቀር።

ነገሩ የተጀመረው በተዋበች ነው። ተዋበች በሆቴላችን የክፍሎች ጽዳት ኃላፊ ናት፤ ቆፍጣና፣ ንግግሯ እንደ አለንጋ የሆነ ሴት። መጽሐፍሽን መኪናው ውስጥ የመንገደኞቹ ዝርዝር በነፋስ እንዳይበርብኝ መጫኛ አድርጌው ነበር። ይቅር በይኝ። አንድ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጣ አነሳችውና ምንድን ነው አለችኝ። የእህቴ መጽሐፍ ነው አልኳት። አንብበኸዋል ስትለኝ “ማለቴ፣ ጀምሬው ነበር” አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፌን ብላት፣ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ለምትሠራው ለምራቷ ለጊፍቲ በፖስታ እንደላከችው ነገረችኝ። በአንድ አካባቢ እየኖሩ የአንዷ ፈረቃ ሲያልቅ የሌላዋ ስለሚጀምር ፊት ለፊት የሚገናኙት ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። ከጊፍቲ ቀጥሎም ወረፋ የያዙ ስላሉ አንተ አሥራ አንደኛ ነህ አለችኝ። አስቢው እትዬ፣ የደራሲዋ ወንድም የገዛ መጽሐፉን ለማንበብ አሥር ሰው ሲጠብቅ!

ደንቡን ያወጣችውም እሷው ናት። ሦስት ሳምንት ይነበባል፣ ከኋላ ስምና ቀን ይጻፋል፣ ለቀጣዩ በፖስታ ይላካል። ካሌብ የሚባል የኮምፒዩተር ልጅ ስካን አድርጌ ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው ቢላት፣ የሰው ልፋት እንደ ማስታወቂያ አይበተንም ብላ አሳፈረችው። ቀኖቹን ስታዪ አትደናገጪ። አንዱ በፈረንጅ፣ አንዱ በእኛ አቆጣጠር ስለሚጽፍ መጽሐፉ ከ2024 ወደ 2016 የኋሊት የሄደ ይመስላል። በእነዚያ ስሞች ውስጥ የኦርቶዶክሱም አለ፣ የአማርኛ ቸርቹ ፕሮቴስታንትም አለ፤ ነርስ፣ ሹፌር፣ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ አለ። አብዛኞቹ ተያይተው አያውቁም ነበር፤ የሚተዋወቁት በእጅ ጽሑፍ ነው።

የእኔ ተራ ሲደርስ ኤርፖርት በር ላይ መንገደኛ ስጠብቅ አነበብኩት። እትዬ፣ አባታችን ከወፍጮ ቤት ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ዱቄቱን ከቅንድቡ የሚያራግፍባትን ነገር ለካ ጽፈሻታል! አባባ ካረፈ ወዲህ ፊቱ እየጠፋብኝ ነበር። እዚያች ገጽ ላይ መልሼ አገኘሁት። አንድ የናይጄሪያ መንገደኛ መስኮቱን አንኳኩቶ ደህና ነህ ወይ እስኪለኝ ድረስ አለቀስኩ። ያኔ የዋሸሁሽን ለቅሶ ከነወለዱ ከፈልኩ።

ከዚያ አሥራ አራተኛው ሰው ላይ መጽሐፉ ጠፋ። ቀጣይዋ ልዩ ናት፤ እዚሁ ያደገች ወጣት ነርስ፣ በአማርኛ የምትጨርሰው የመጀመሪያ መጽሐፏ እንዲሆን ከቤተሰቧ ጋር የተወራረደች። ፖስታ ሣጥኗን እያየች ሁለት ወር ጠበቀች። ፖስታ ቤቱን ወነጀልን፤ ምስኪኖቹ ምንም አላደረጉም። በመጨረሻ ተዋበች፣ ልዩና እኔ ተያይዘን ፕሌኖ ወደሚባል ከተማ ሄድን፤ አሥራ አራተኛው አቶ ከፍያለው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት እዚያ ነው። አቶ ከፍያለው በአገር ቤት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበሩ፣ በሰፈራቸው ያለ እሳቸው ሽማግሌ የማይላክ፣ የሰውን ሰባት ቤት በቃላቸው የሚቆጥሩ አዛውንት ናቸው። በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው የልቦለድሽን ዘር ማንዘር በእርሳስ ስለውታል። መጽሐፉ መሃሉ ላይ ተቀምጧል።

ለምን አልላኩትም አባባ ብላቸው፣ “እኔ በፖስታ ኃጢአት አልልክም” አሉኝ።

ከዚያ እንደ ተከሳሽ አስቀምጠው አስረዱን። ገጽ 41 ላይ የወፍጮ ቤቱ መሥራች አቶ እንግዳ እህቱን የሻረግን በውርስ ተጣልቶ ያባርራታል፤ የሻረግ የግራ እጇን ትንሿን ጣት ወፍጮ ቆርጦባታል። ገጽ 287 ላይ ደግሞ ሙሽራው ፍቅሩ፣ ቅድመ አያቴ የግራ እጇ ትንሿ ጣት አልነበራትም ብሎ እግረ መንገዱን ያወራል። ሙሽራዋ ዜማ የእንግዳ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። አራተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ! ሰባት ቤት ሳይሞላ ሠርግ ተደግሶ፣ ተጨፍሮ፣ መጽሐፉ አለቀ። አቶ ከፍያለው ወረቀቱን በእርሳሳቸው እየጠቆሙ፣ ይኼን ያህል ሰው አንብቦ አንድ የሚቆጥር ይጥፋ አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ደንግጬ በጣቴ ደግሜ ቆጠርኩ።

ልዩ ግን አልደነገጠችም። “ሶ? ይዋደዳሉ አይደል? ማለቴ፣ እነሱ አያውቁም፣ ጥፋቱ የነሱ አይደለም” አለች። ሰባት ቤት መቁጠር ምን እንደሆነ ያወቀችው እዚያው ቁጭ ብላ ነው። አቶ ከፍያለውና እሷ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። እሳቸው ይፋቱ ይላሉ፣ እሷ ማንም አይነካቸውም ትላለች። ተዋበች ደግሞ ደራሲዋ ተሳስታ ይሆናል ስትል እኔ ተነሳሁባት። እህቴ በተማሪ ደብተር ላይ አራት ነጥብ ብትጎድል ከሩቅ የምታይ ሴት ናት፣ የተቆረጠች ጣት አትረሳም አልኳቸው። ይኼ ነገር ሁለተኛው ቅጽ ውስጥ አለ፣ ደብተሮቹም አልጋዋ ሥር ናቸው ስል ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ከፍያለው መጽሐፉን አንስተው ለልዩ ሰጧት። አንድ ነገር ብቻ አስማሏት፤ አንብባ ስታሳልፍ ደራሲዋ ሳትጠየቅ ነገሩ እንዳይዘጋ።

አሥራ ዘጠኙም አንብበው ሲጨርሱ አንቺ ስለ በርበሬው ደወልሽ። ለተዋበች ብነግራት ተቆጣች፤ ለአቶ ከፍያለው ብትነግራቸው ግን አልተቆጡም፣ ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው፣ ሁለተኛው ቅጽም እንደዚያው ይጠየቃል አሏት። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የሆቴላችንን የቁርስ አዳራሽ አስፈቅደን ተሰበሰብን። አሥራ ሰባታችን መጣን፤ ሥራ ላይ የነበሩት ሁለቱ በስልክ ገቡ። ሰው እየገባ “አንቺ ነሽ ሰባተኛዋ?”፣ “ያ ጽሑፍህ የዶሮ ጭረት የሚመስለው አንተ ነህ?” እየተባባለ ሲሳሳቅ ብታዪ! መኪና ስነዳ ማንም ቀና ብሎ የማያየኝ ሰውዬ ያን ቀን የደራሲዋ ወንድም ተብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ኮራሁ እትዬ፤ ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድ ምንም አልቀረው።

አቶ ከፍያለው ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሁላችንንም አስነሱን። ከስሞቹ ሥር “የወፍጮ ቤቱ ልጆች ሁለተኛ ቅጽ ይሰጠን ዘንድ ቆመን ጠይቀናል” ብለው በዚያ በሬጅስትራር ጽሑፋቸው ጻፉ፤ ሁላችንም ፈረምን፣ ለሁለቱ ተዋበች ፈረመች። በሰው እጅ እንላከው ያለ ነበር፤ ተዋበች በፖስታ የኖረ መጽሐፍ በፖስታ ነው የሚሄደው ብላ እንቢ አለች፤ የመከታተያ ቁጥሩንም እሷው ይዛዋለች። ከካርቶኖቹ ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መጽሐፍ ይፈልጋሉ። የማሳተሙንም ነገር ለእኛ ተይው፤ አንቺ ደብተሮቹን ብቻ ከባለሱቁ አድኚ። ዜማና ፍቅሩ ምን እንደሚሆኑ ግን ለእኔ በስልክ ሹክ እንዳትዪኝ። እኔም እንደ ሰው ወረፋዬን እጠብቃለሁ።

ለጋሽ ሀይሌ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፣ ሳሉን በማር ያባርሩት። ፍሬን ሳሚልኝ፤ ደብተሮቹን ወደ ሱቅ የሚሸከም ሰው ከመጣ በሩን እንድትቆልፍ አደራ በያት። የሄቨንን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጊልኝ። ባለሱቁንም ሰላም በዪልኝ፣ ለበርበሬው ሌላ ወረቀት ይፈልግ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አቶ ከፍያለው ፈርመው እንዳበቁ ደከማቸውና ወንበር ሲስቡ ልዩ ከዘራቸውን ያዘች። “ኖ ኖ አባባ፣ መቀመጥ የለም፣ ገና እሺ አላለችም” አለቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ልክ ነሽ ልጄ ብለው ወንበሩን መለሱና እስከ መጨረሻው ቆሙ። እትዬ፣ እሳቸውንም እንዳንቺው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቶሎ አስቀምጪን።

ወንድምሽ ሚኪያስ
ግሬፕቫይን፣ ቴክሳስ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.